ጽሑፉ ያቆመበት ደቂቃ፦ ስለ ቬሮ ቦኬቴ ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ስፔናዊቷ እግር ኳስ ተጫዋች ቬሮ ቦኬቴ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ትችት አንብቤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ጸሐፊው ብዕራቸው የሰላ፣ ስለ ሴቶች እግር ኳስም ከብዙዎቻችን የተሻለ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ያናደደኝም ይኸው ነው። የማያውቅ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ አንብቤ አልፈው ነበር። የሚያውቅ ሰው ግን ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ሲተወው፣ አንባቢ የተተወውን ግማሽ ከየት ያገኘዋል?

ጽሑፉን ላላነበቡ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። እንደ ጸሐፊው አባባል የቦኬቴ ዝና ከተግባሯ የገዘፈ ነው። ወሳኝ ሰዓት ላይ ትርበተበታለች፤ ለዚህም ማስረጃው በ2012 ስኮትላንድ ላይ ያመከነችው ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ከአገር አገር ስትንከራተት የኖረችው ገንዘብ ፍለጋ እንጂ ሌላ ምክንያት የላትም፤ ለማንም ክለብ ታማኝ ሆና አታውቅም። በ2015 የዓለም ዋንጫ ማግስት የቡድን ጓደኞቿን አሰልፋ አሰልጣኙን ያስወጣችው የራሷን ውድቀት ለመሸፈን ነው። አሰልጣኝ ሆርሄ ቪልዳ በ2017 ከቡድኑ ማስቀረቱም ትክክል ነበር፤ ለዚህ ምስክሩ ስፔን በ2023 ያለ እርሷ የዓለም ዋንጫን ማንሳቷ ነው። ስሟ በስታዲየም ላይ መጻፉና ለኮምፒውተር ጨዋታ ያሰባሰበችው ፊርማ ደግሞ ከሜዳ ውጭ የተገኘ ዝና ነው ይላሉ። (እርሳቸውም እኔም የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው ታሪኩን ከላስ ሮሳስ ስለ ጀመሩ እኔም ከዚያው ልነሣ።

ኦክቶበር 24 ቀን 2012 ነው። ማድሪድ አጠገብ በምትገኘው ላስ ሮሳስ ስፔንና ስኮትላንድ ለ2013 የአውሮፓ ዋንጫ ለማለፍ የመልሱን ጨዋታ ያደርጋሉ። ግላስጎው ላይ 1 ለ 1 ተለያይተው ነበር። የመልሱም ጨዋታ መደበኛ ሰዓት አሸናፊ ሳይለይበት አልቆ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገባ። በዚያ ሰዓት ስኮትላንዶች መሩ፤ ስፔኖች ተከታትለው አቻ ሆኑ። ውጤቱ 2 ለ 2 ሆኖ ቢያልቅ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ብልጫ የሚያልፉት ስኮትላንዶች ነበሩ። በዚሁ ተጨማሪ ሰዓት ቦኬቴ ፍጹም ቅጣት ምት መታች፤ ግብ ጠባቂዋ ጌማ ፌይ አዳነችው። ይህ እውነት ነው፤ ጸሐፊውም ይህን ጽፈው በዚሁ አቆሙ።

ጨዋታው ግን አላቆመም። ተጨማሪው ሰዓት ሊያበቃ የቀሩት ሰከንዶች ብቻ ሆነው ሳለ ኳስ ዳግመኛ እግሯ ላይ ደረሰች፤ ያቺው ጥቂት ቀደም ብሎ ያመከነችው ተጫዋች አስቆጠረች። 3 ለ 2። ስፔን ከ1997 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ ወደ ትልቅ ውድድር አለፈች። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ በቀሩት ደቂቃዎች ኳስ እንዳይደርሰው ከጓደኞቹ ጀርባ ይሸሸጋል። ይህቺ ሴት ኳሱን ፈልጋ ሄደች። አንድ ሰው ወሳኝ ሰዓት ላይ ይርበተበታል ለማለት ይህን ጨዋታ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ፣ ዳቦው ተጋግሮ ሳለ ሊጡን እያሳዩ እናትን መውቀስ ነው።

የዚያች ግብ ዋጋ የታየው ደግሞ በማግሥቱ በጋ ነው። ጁላይ 2013 ስዊድን ውስጥ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ስፔን በመጀመሪያ ጨዋታዋ እንግሊዝን 3 ለ 2 አሸነፈች። የመጀመሪያዋን ግብ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ያስቆጠረችው ቦኬቴ ናት። ሁለተኛዋ የጄኒ ኤርሞሶ ነበረች። ሦስተኛዋን በባከነ ሰዓት ያገባችው ደግሞ የ19 ዓመቷ አሌክሲያ ፑቴያስ ናት። ኋላ ሁለት ጊዜ የባሎን ዶር አሸናፊ የሆነችው ፑቴያስ በታላቅ መድረክ ራሷን ያስተዋወቀችው በዚያች ግብ ነው። ወደዚያ መድረክ የወሰደውን በር በላስ ሮሳስ የከፈተችው ማን እንደ ሆነች ጸሐፊው ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መንከራተቱ ክስ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ይህ ነው።

ጸሐፊው 15 ክለቦችንና 8 አገሮችን ቆጥረዋል። ቁጥሩን አልክድም። ዛራጎዛ፣ ኤስፓኞል፣ ቡፋሎ፣ ቺካጎ፣ ፊላደልፊያ፣ ቮሮኔዥ፣ ቲሬሶ፣ ፖርትላንድ፣ ፍራንክፈርት፣ ባየርን ሙኒክ፣ ፓሪስ ሴንት ጀርሜን፣ ቤይጂንግ፣ ዩታ፣ ሚላን፣ ፊዮረንቲና። ጸሐፊው ያልጠየቁት ጥያቄ ግን አለ፦ ከእነዚህ ክለቦች ስንቱን እርሷ ተወችው? ስንቱስ ከእግሯ ሥር ፈረሰባት?

መጀመሪያ ከስፔን ለምን ወጣች የሚለውን እንይ። ከኤስፓኞል ጋር በ2009ና በ2010 የንግሥቲቱን ዋንጫ (የስፔንን የሴቶች ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) በተከታታይ አንሥታለች። በአገሯ ካሉት ተጫዋቾች ቁንጮ ነበረች። ይሁን እንጂ የስፔን የሴቶች ሊግ በዚያን ጊዜ የባለሙያ ሊግ አልነበረም። የባለሙያ ሊግ ተብሎ በመንግሥት የተወሰነለት በ2021 ነው። ተጫዋቾቹ የመጀመሪያውን የጋራ የሥራ ስምምነት ያገኙት በፌብሩዋሪ 2020 ነው፤ ለዚያውም በኖቬምበር 2019 የሥራ ማቆም አድማ መትተው። ስምምነቱ ያስገኘላቸው ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት 16 ሺሕ ዩሮ ነበር። ይህ ስምምነት የተፈረመው ቦኬቴ ከአገሯ ከወጣች ከዓመታት በኋላ ነው። ኳስ ተጫውቶ መኖር በማይቻልበት አገር ምርጥ ተጫዋች የሆነች ሴት ወደ ሌላ አገር ብትሄድ ገንዘብ ወዳድ ናት ይባላል? እኛ አገር ቀን ከሌሊት ሠርቶ ለመኖር ሲል ባሕር የተሻገረውን ሰው በዚህ ስም አንጠራውም።

በ2011 ፊላደልፊያ ውስጥ በአሜሪካው የባለሙያዎች ሊግ ተጫወተች፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ተመረጠች። የዓለም ዋንጫ ያነሡ አሜሪካውያንና የዓለም ኮከቦች በተሰለፉበት ሊግ፣ ቡድኗ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ስፔናዊት ነበረች የተመረጠችው። በጃንዋሪ 2012 ሊጉ የዚያን ዓመት ውድድር ሰረዘ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ጨርሶ ተዘጋ።

ስዊድን ሄደች። የስዊድኑ ክለብ ቲሬሶ፣ እርሷ ከብራዚላዊቷ ማርታና ከስዊድናዊቷ ካሮሊን ሴገር ጋር በተሰለፈችበት ዓመት፣ በ2012፣ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ። ሜይ 22 ቀን 2014 ሊዝበን ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፤ ቮልፍስቡርግ 4 ለ 3 አሸነፈው። በዚያ ምሽት ከቲሬሶ ሦስት ግቦች አንዷ የቦኬቴ ነበረች። ከዚያ ፍጻሜ በኋላ ሳምንታት እንኳ በወጉ ሳይቆጠሩ ክለቡ በገንዘብ ኪሳራ ከሊጉ ወጣ። የዓመቱ ውጤቶቹም ተሰረዙ። ይህች ሴት በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ግብ ባገባች በሳምንታት ውስጥ ክለቧ ከሊጉ ጠፋ።

ዩታም ቢሆን ያው ነው። በ2020 መጨረሻ ክለቡ ፈርሶ የተጫዋቾቹ ውል ወደ ካንሳስ ሲቲ ተዛወረ፤ እርሷም በ2021 መጀመሪያ ወደ ሚላን አቀናች። ሦስት ጊዜ የተከራየችው ቤት የፈረሰባትን ሰው ቤት አይጸናላትም ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከባየርን ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ቤይጂንግ የሄደችው በራሷ ምርጫ ነው፤ ይህንን አልሸሽገውም። የወንዶቹን ዓለም እንደዚህ ስንት ተጫዋቾች ሲዞሩበት ጸሐፊው ልምድ አካበተ እንጂ ተንከራተተ ሲሉ አላነበብኩም።

እዚህ ላይ ራሴን ምስክር ላድርግ። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ፍራንክፈርት እኖር ነበር። ሥራ በማልገባበት እሑድ ወደ ብሬንታኖባድ ስታዲየም እሄዳለሁ። አምስት ሺሕ ሰው ያህል የሚይዝ፣ ዛፍ የከበበው ትንሽ ሜዳ ነው፤ ተጫዋቾቹ ሲጣሩ ድምፃቸው ተመልካቹ ዘንድ ይደርሳል። ቦኬቴን በቅርብ ያየሁት እዚያ ነው። ቁመቷ ከብዙዎቹ ጀርመናውያን ትከሻ የሚያልፍ አልነበረም። ኳሱ ሳይደርሳት በፊት አንገቷን አዙራ ኋላዋን ታያለች፤ ሲደርሳት ሁለተኛ ማየት አያስፈልጋትም። ከኋላዋ የምትመጣውን ተከላካይ በአንድ ንክኪ አሳልፋ ለአጥቂዋ ሴልያ ሻሺች ስታቀብል ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሁልጊዜ ቀድመው ያጨበጭቡ ነበር፤ ኳሱ ግብ ከመሆኑ በፊት። ለክለቡ ታማኝ አይደለችም የሚለውን ያነበብኩ ዕለት ወዲያው ትዝ ያሉኝ እኚያ አዛውንት ናቸው።

የፍራንክፈርት ቡድን በዚያ ዓመት በሻምፒዮንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ የዴንማርኩን ብሮንድቢን በደርሶ መልስ 13 ለ 0 አሸነፈ። ሜይ 14 ቀን 2015 በርሊን ላይ ፓሪስ ሴንት ጀርሜንን 2 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። ማንዲ ኢስላከር የማሸነፊያዋን ግብ ያገባችው በባከነ ሰዓት ነው። ቦኬቴ ይህን ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ስፔናዊት ሆነች። ዛሬ ባርሴሎና ዋንጫውን ሲደጋግም የሚያይ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። ባርሴሎና የመጀመሪያውን ያነሣው በ2021 ነው፤ ከእርሷ ስድስት ዓመት ዘግይቶ።

ከዚያ በርሊን ምሽት አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ካናዳ ገባች፤ ጸሐፊው አብዝተው የተቆጡበት ታሪክም የተጀመረው እዚያ ነው።

የ2015 የዓለም ዋንጫ ለስፔን ሴቶች የመጀመሪያው ነበር። ማጣሪያውን ሳይሸነፉ አልፈዋል። አምበሏ ቦኬቴ ናት። ሞንትሪያል ላይ ከኮስታ ሪካ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ቪኪ ሎሳዳ የአገሯን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ግብ አግብታ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይቆይ ኮስታ ሪካ አቻ አደረገች። ብራዚል 1 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ኦታዋ ላይ ቦኬቴ ባገባችው ግብ ደቡብ ኮርያን እየመሩ ከዕረፍት በኋላ ሁለት ግብ ገባባቸው። በምድባቸው መጨረሻ ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስፔን በዚያ ውድድር ያገባችው ሁለት ግብ ብቻ ነው፤ አንዷ የአምበሏ ናት። የራሷን ውድቀት ለመሸፈን የተባለው ነገር ከዚህ ቁጥር ጋር እንዴት እንደሚስማማ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው መጣ። ጸሐፊው ደብዳቤውን የቦኬቴ አድማ አድርገው አቅርበውታል። ደብዳቤው የ23ቱም ተጫዋቾች ነው። ወደ ካናዳ የተጓዙት በሙሉ፣ ግብ ጠባቂዎቹና አንዲት ደቂቃ ያልተጫወቱት ሳይቀሩ፣ የፈረሙበት ነው። ያነሡት ቅሬታም የግል ጠብ አልነበረም፦ ለውድድሩ የተደረገው ዝግጅት በቂ አይደለም፣ የወዳጅነት ጨዋታዎች አልተደረጉም፣ ከአየሩና ከሰዓቱ ጋር የምንላመድበት ጊዜ አነሰ፣ ተጋጣሚዎቻችን በወጉ አልተጠኑም የሚል ነው። በመጨረሻም የአሰልጣኙ ዘመን እንዲያበቃ ጠየቁ።

አሰልጣኙ ኢግናሲዮ ኬሬዳ ነው። ጸሐፊው መንገድ የጠረገ አባት ብለውታል። ኬሬዳ ቡድኑን የያዘው በ1988 ነው፤ በ2015 ገና እዚያው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት! ቦኬቴ ስትወለድና እርሱ ሥራ ሲጀምር መካከል ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከ1991 ጀምሮ ስድስት ጊዜ ሲካሄድ ስፔን አንዱንም አልደረሰችበትም። ከ1997 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ወደ አውሮፓ ዋንጫም አላለፈችም። በየትኛውም የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ይህን የመሰለ ውጤት ያለው አሰልጣኝ ከሁለት ማጣሪያ በላይ ወንበሩ ላይ አይቆይም። ሃያ ሰባት ዓመት የቆየው ማንም ስለማይመለከተው ነው፤ የሴቶቹ ቡድን ለፌዴሬሽኑ አለቆች የማይታይ ቡድን ነበርና። ደብዳቤው የጣሰው ይህን ዝምታ ነው። በ2021 በቀረበ ዘጋቢ ፊልም ላይ በኬሬዳ ሥር የተጫወቱ በርካታ ሴቶች፣ ቦኬቴም ጭምር፣ ስለ ተናገራቸው የሚያዋርዱ ቃላትና ስለ ሰውነታቸው ስለ ሰነዘረው ትችት በግልጽ መሰከሩ። ከተለያየ ትውልድ የመጡ ተጫዋቾች ናቸው። ጸሐፊው ይህን ምስክርነት ሰምተው ይሆናል፤ በጽሑፋቸው ውስጥ ግን አንድ መስመር አልሰጡትም።

አምበል ሆና ፊት የቀደመች ተጫዋች ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም ነበር ብዬ አላምንም። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓለምን ዞራለች፤ ፌዴሬሽን እንዴት እንደሚያስብ ታውቃለች። ለቀሪ ዕድሜዋ የብሔራዊ ቡድን መለያ መልበስ ከፈለገች ዝም ማለት ይበቃት ነበር። ከዚያ የዓለም ዋንጫ ማግሥት ኬሬዳ ሄዶ ቪልዳ መጣ። በ2017 ለአውሮፓ ዋንጫ የተመረጡት ስም ዝርዝር ሲወጣ የቦኬቴ ስም የለም።

ጸሐፊው ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር ይላሉ። ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ክለቧ ፓሪስ ሴንት ጀርሜን በዚያው ሰሞን ካርዲፍ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በሊዮን የተረታው በመለያ ምት ነው። እስከዚያ ቀን በ56 ጨዋታዎች 38 ግቦችን ለአገሯ አግብታለች፤ አጥቂ አማካይ ሆና። ይህችን ሴት ያስቀረው ቡድን ኔዘርላንድስ ላይ ምን ሠራ? ፖርቱጋልን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ በእንግሊዝ 2 ለ 0፣ በስኮትላንድ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሩብ ፍጻሜው ከኦስትሪያ ጋር 120 ደቂቃ ተጫውቶ 0 ለ 0 ወጣና በመለያ ምት ተሰናበተ። በተከታታይ ሦስት ጨዋታ አንዲት ግብ የለም። አዎ፣ እርሷ ብትኖር ግብ ታገባ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ውሳኔው ትክክል መሆኑን ውጤቱ አረጋግጧል የሚሉ ሰው ቢያንስ የዚያን ውድድር ውጤት መጻፍ ነበረባቸው። እርሳቸው 2017ን ዘልለው 2023 ላይ አረፉ።

እሺ፣ 2023 ላይ እንገናኝ። ኦገስት 20 ቀን ሲድኒ ላይ ኦልጋ ካርሞና ባገባችው ግብ ስፔን እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። ያለ ቦኬቴ ይላሉ ጸሐፊው። በዚያን ጊዜ 36 ዓመቷ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ቅንነት ይጎድለዋል። ይልቅስ ማን ነበር እዚያ? አሌክሲያ ፑቴያስ፣ ጄኒ ኤርሞሶ፣ ኢሬኔ ፓሬዴስ፣ ኢቫና አንድሬስ። አራቱም በ2015 ካናዳ ነበሩ። አራቱም ከቦኬቴ ጋር አንድ ደብዳቤ ላይ ስማቸውን አኑረዋል። ጸሐፊው አመፀኛ ያሏቸው ሴቶች ናቸው ሲድኒ ላይ ዋንጫ የያዙት።

ከዋንጫው 11 ወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 2022፣ 15 ተጫዋቾች ሁኔታው እስኪሻሻል ለብሔራዊ ቡድኑ እንዳይጠሩ ለፌዴሬሽኑ መጻፋቸውንም አንባቢ ማስታወስ አለበት። ከእነርሱ ወደ ዓለም ዋንጫው የተመለሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው፦ አይታና ቦንማቲ፣ ማሪዮና ካልደንቴይና ኦና ባትዬ። ማፒ ሊዮንና ፓትሪ ጊሃሮን የመሰሉ በቡድኑ ውስጥ ዋና ቦታ የነበራቸው ተጫዋቾች ያን ዋንጫ ቴሌቪዥን ላይ ነው ያዩት። ቪልዳ ራሱ ከዋንጫው 16 ቀን በኋላ ተሰናበተ። ቡድኑ እርሱ ከሄደ በኋላ ወደቀ? በፌብሩዋሪ 2024 ሴቪያ ላይ ፈረንሳይን 2 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን የኔሽንስ ሊግ ዋንጫ አነሣ። በ2025 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በእንግሊዝ በመለያ ምት ተረታ። ድሉ የመጣው ከባርሴሎና የሥልጠና ማዕከልና ከተጫዋቾቹ እጅ ነው፤ የአንድ አሰልጣኝ ምርጫ ያመጣው ቢሆን ኖሮ ከእርሱ ጋር ይሄድ ነበር።

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታው ብዙ አልጽፍም። በ2013 ሴቶች በታዋቂው የፊፋ ጨዋታ ውስጥ እንዲካተቱ የሚጠይቅ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች፤ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፈረሙ። በ2015 የወጣው ጨዋታ 12 የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ይዞ መጣ፤ ስፔን አንዷ ነበረች። ጸሐፊው ይህ እግር ኳስ አይደለም ይላሉ። አንዲት ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ በራሷ ጾታ ተጫዋች መጫወት ስትጀምር በልቧ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሴት ልጅ ያለውን ማንንም ወላጅ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ጠይቄያለሁ።

የስታዲየሙ ነገር ደግሞ ከዝና ጋር መምታታቱ ያሳዝናል። ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የተወለደችበት ከተማ ናት። የከተማዋ ስታዲየም ሳን ላሳሮ በ2018 በስሟ ሲጠራ በከተማዋ ውሳኔ እንጂ በእርሷ ጥያቄ አይደለም። በዚያ ሜዳ ላይ የሚጫወተው የወንዶች ቡድን ነው። እያንዳንዱ ልጅ እሑድ ከአባቱ ጋር ጨዋታ ሊያይ ሲገባ ከበሩ በላይ የሚያነበው የሴት ስም ነው። ይህን ስም ለማግኘት የአውሮፓ ሻምፒዮንነት፣ የጀርመንና የስዊድን የሊግ ዋንጫ፣ በ2014 በፊፋ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ምርጫ ከመጨረሻዎቹ አሥር ዕጩዎች መካከል መግባት አይበቃም ከተባለ፣ ምን ይበቃል?

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን መካድ አልፈልግም። ቦኬቴ በዋናው ብሔራዊ ቡድን አንድም ዋንጫ አላነሣችም። በ2004 ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ሻምፒዮን ከሆነው ቡድን ጋር ነበረች፤ ከዚያ በላይ በአገሯ መለያ ያገኘችው ሽልማት የለም። ኮስታ ሪካን ማሸነፍ ይገባቸው ነበር፤ ይህ በአሰልጣኙ ብቻ የሚሳበብ አይደለም፤ ተጫዋቾቹም ድርሻ አላቸው፤ አምበሏም። በፓሪስ ያሳለፈቻቸው ዓመታት ፍራንክፈርት ላይ ካየኋት ቦኬቴ ጋር አይወዳደሩም። እነዚህን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው ጋር ቆሜ አጨበጭብ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጸሐፊው የ2015ቱን ፈራሚዎች ማፍረስ እንጂ መገንባት የማያውቁ ብለዋቸዋል። ከፈራሚዎቹ አንዷ አጥቂዋ ሶኒያ ቤርሙዴስ ነበረች። በኦገስት 2025 የስፔን እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾማት። ለመጀመሪያ ጨዋታዎቿ ከጠራቻቸው ተጫዋቾች መካከል ከዚያ በፊት ለረጅም ወራት ሳትጠራ የቆየችው ጄኒ ኤርሞሶ ትገኛለች። ኬሬዳ 27 ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር አሁን የያዘችው ያንን ደብዳቤ የፈረመች ሴት ናት።